ሁሉም ያየው ሰማያዊ

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። አምስት ዓመት ከትምህርት ቤት መልስ፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የጭነት መኪና ስቀባ ኖሬ፣ አሁን ደሴ ሄጄ መምህርነት ልማር ስለሆነ መሣሪያዬን አስረክቤያለሁ። ሥራውን አስረክቦ የወጣ ሰው ጡረተኛ ካልተባለ ምን ይባላል? ጡረተኛ ደግሞ የሥራ ዘመኑን ሲያወራ ነው ደስ የሚለው። እኔ አፌ አይፈታም። እጄ ግን እንደሚፈታ ዘንድሮ አወቅኩና፣ እነሆ ወረቀቱ አልበቃ ብሎኛል።

ጋራዡ ከኮረም ወደ ሰቆጣ በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ ከተማው ሳይጀምር ያለው ሰፊ ግቢ ነው። አባቴ የግቢው ዘበኛ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አረፈ፤ ባለ ጋራዡ አቶ ሙላው የዘበኛውን ክፍል አልወሰዱብንም። እናቴ በርበሬና ጨው ይዛ ከገበያ ገበያ ትዞራለች፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ትቆያለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ የቆመ መኪና ነው። ጎማው የወለቀ፣ ሞተሩ የወጣ፣ በሩ የተነቀለ። ከተማው ውስጥ ያሉ ልጆች ማታ ማታ እገሊት ቤት ተሰብስበው ያጠናሉ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ጋ ግን የሚመጣ አልነበረም። ኋላ ላይ ደግሞ ሥራ ስጀምር ልብሴ ቲነር ቲነር ስለሚሸት፣ ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ትንሽ ሸሸት ታደርግ ነበር። ክፋት አልነበራትም፤ ራሷን ስለሚያማት ነው።

የቀለም ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው። ላሜራ ቀጥቃጩና መካኒኮቹ አቧራ ስለሚያስነሱ ራቅ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ፣ አንዱ ጎኑ ላስቲክ። እዚያ ውስጥ የሚሠሩት ጋሽ ኪዳኑ ብቻ ነበሩ። ትውልዳቸው እዚሁ ሰቆጣ አጠገብ ካለችው ዝቋላ ነው፤ ሙያውን የተማሩት ግን በወጣትነታቸው አስመራ፣ ጣሊያኖች ከተዉት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ርቀዋል። በቀን ውስጥ የሚናገሩት ቃል አንድ ጣሳ አይሞላም። ቀለም ሲቀላቅሉ ጠብታውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኽምጥኛ ይቆጥራሉ፤ ሥራ ሲያምርላቸው ደግሞ አስመራ የለመዷትን ‹ጽቡቅ› ይላሉ፣ ጥሩ ነው ለማለት። አማርኛቸው ለቁጣ ብቻ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

እንዴት እንደተቀጠርኩ አላውቅም። አንድ ቀን በላስቲኩ ቀዳዳ ሳይ ያዙኝና ብርጭቆ ወረቀት በእጄ አስጨበጡኝ። ‹‹እጅሽ ትንሽ ነው፤ የበር ማጠፊያ ሥር ይገባል›› አሉ። ቅጥሩ ይኸው ነው። ደመወዙን አቶ ሙላው ለእናቴ ይሰጡ ነበር፤ ለደብተርና ለጫማ ይበቃል።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሌላ አገር የመኪና ቀለም ለጌጥ ይሆናል። እኛ ጋ ቀለም ስም ነው። ከፃግብጂ እህሉን ተሸክሞ በማለዳ ወጥቶ መንገድ ዳር የተቀመጠ ገበሬ ታርጋ አይታየውም። የሚታየው ከማዶ፣ ከመጠምዘዣው አቧራ ውስጥ ብቅ የምትል አንዲት ቀለም ናት። ‹‹ቀይዋ ናት፣ የነእገሌ ናት፣ ትጭነናለች›› ይልና ይነሣል። ያላወቃት ከሆነች ተቀምጦ ያሳልፋታል። በዚህ መንገድ የሚመላለሱት ደግሞ አብዛኞቹ ጣሊያን ሠራሽ፣ ከአባት ለልጅ የተላለፉ አሮጌ መኪኖች ናቸው። ስለዚህ ሊታደሱ ሲመጡ ባለቤቶቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ‹‹የራሷን ቀለም መልሱላት።››

የራሷ ቀለም የቱ ነው? ሥራው እሱን መፈለግ ነበር። ጋሽ ኪዳኑ ከበሩ ማጠፊያ ጀርባ ወይም ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር አንድ ሳንቲም የምታህል ቦታ ይመርጣሉ። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ አጠጥተው በጣታቸው ጫፍ ቀስ እያሉ ያዞሩታል፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳይጫኑ። ከላይ ያለው ቀለም ይሳሳና ከሥሩ ያለው ብቅ ይላል፤ ከዚያ ከሱ ሥር ያለው። በመጨረሻ ድንጋይ የተጣለበት ኩሬ ይመስል ክብ በክብ ሆኖ ይታያል። ያንን ክብ ጋሽ ኪዳኑ ያነቡታል። ነጩ፣ በድርቁ ጊዜ የእርዳታ እህል ለመጫን ስትከራይ የተቀባችው። ከሱ በታች ያለው ቡናማ ቀለም ሳይሆን ጭቃ ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ከአውሮፕላን ለመደበቅ መኪኖቹን በጭቃ ይለቀልቋቸው ነበርና። ስለ ቀደሙት ቀቢዎችም ፍርድ ይሰጣሉ። ‹‹ይሄ የቸኮለ ሰው ነው፤ ሳይደርቅ ደረበበት። ይሄኛው ደግሞ ጾም ይዞ ነው የቀባው፣ እጁ ዝሏል።›› እኔ ስስቅ እሳቸው አይስቁም ነበር። የመጨረሻው፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው፣ ፀሐይ አይታው የማታውቅ ቀለም ‹የራሷ› ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ ማጠብና መስታወት መሸፈን ነበር። መስታወቱን የምንሸፍነው ከአቶ ሙላው ቢሮ በሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ነው። በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ፣ እየለጠፍኩ አነባለሁ፤ ተገልብጦ የተለጠፈውን አንገቴን ጠምዝዤ አነባለሁ። ጋሽ ኪዳኑ ‹‹ለጥፊ አልኩሽ እንጂ ቅዳሴ ግቢ አልኩሽ?›› ይሉኛል። በሁለተኛው ዓመት የጎደጎደውን በስቱኮ መሙላትና መሞረድ ተሰጠኝ። በሦስተኛው ቀለም እንዳይ ተፈቀደልኝ።

ማየት ሥራ ነው ስል የሚያምነኝ የለም። ጋሽ ኪዳኑ በቀትር ቀለም አያዩም፤ ቀትር ሁሉን ያነጣል ይላሉ። ጠዋት ጥላ ሳለ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የተቀላቀለውን ቀለም በቆርቆሮ ክዳን ላይ ቀብተው ያደርቁታል፤ እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው፣ ሲደርቅ ይጠቁራልና። ከዚያ ክዳኑን ከናሙናው አጠገብ ያስቀምጡና ጀርባቸውን ይሰጡታል። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ዘርግተው ነጩን ያያሉ፤ ዓይናቸውን ያጥቡበታል። ድንገት ዘወር ይላሉ። ‹‹መጀመሪያ ያየሽውን እመኚ። ቆይተሽ ያየሽው አእምሮሽ የቀባው ነው›› ያሉኝ ያኔ ነው፤ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገሩ ያን ቀን ሰማኋቸው። ከመርጨታችን በፊት መሬቱን ውኃ አርከፍክፈን አቧራውን እናስተኛለን፣ ነፋስ እስኪቆም እንቀመጣለን። ነፋስ ሳይቆም ብዙ ቀን መሽቶብናል። ሁለታችን ዝም ብለን ላስቲኩ ሲንኳኳ እንሰማ ነበር። ብቸኝነት ነው፤ ግን ለሁለት ሲሆን ይቀላል።

በዚያ ዓመት የፃግብጂዋን ቀይ ሠራን። ባለቤቷ እንደ በርበሬ ቀይ አድርጉልኝ ይል ነበር፤ ጋሽ ኪዳኑ ከመቀመጫው ሥር ወደ ሸክላ የሚያደላ ቀይ አገኙና እሱን መለሱላት። በወጣች ቀን ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ እስከ መጠምዘዣው ሸኘኋት። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አይተዋት ገና ፍሬን ሳትይዝ ጭነታቸውን አንሥተው ቆሙ። ስመለስ ለጋሽ ኪዳኑ ነገርኳቸው። ‹ጽቡቅ› አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። በቀትር ቀለም የማያዩት ሰው በቀትር ብቻ ማየት ጀመሩ። ክዳኑን ከአፍንጫቸው እስኪነካ ያስጠጉታል። ቲነር ነው፣ አቧራ ነው ይላሉ፤ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የዓይናቸው ብሌን መሐል ላይ ወተት የነካው ይመስል ነበር።

የወይዘሮ ትበርህ መኪና የመጣችው በዚያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ ትበርህ እህል ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው ያቺን መኪና ሰቆጣ ካስገቧት ጀምሮ ራሳቸው ሲነዷት ኖረው በዚያ ዓመት ሞቱ። መኪናዋ ለእርዳታ ሥራ ከተቀባች ወዲህ ነጭ ነበረች። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ግቢ ገብተው፣ ለሙት ዓመቱ መኪናዋ ባለቤታቸው ሲያመጧት በነበራት ቀለም ሆና በራቸው ላይ እንድትቆም እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ሞተሩ ቢነሣም ባይነሣም፣ አሉ።

ማጠፊያውን ፈታንና ፈተግነው። ነጩ፣ ጭቃው፣ ከዚያ የራሷ። የባሕር ዛፍ ችግኝ ቅጠል በአውራ ጣት ቢጠረግ ከአመድማው ሥር የሚወጣው ዓይነት ነበር፤ አረንጓዴ ነው እንዳይሉት ግራጫ፣ ግራጫ ነው እንዳይሉት ሰማያዊ ይነካዋል። እንደዚያ የሚያምር ቀለም አይቼ አላውቅም። ጋሽ ኪዳኑ ነጭ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ቀላቅለው ሰማያዊውን በእንጨት ጠብ ጠብ ያደርጉ ጀመር፣ በኽምጥኛ እየቆጠሩ። ቆጠራው አልቆም አለ።

‹‹ጋሼ፣ ሰማያዊው በዛ›› አልኩ።

‹‹አልበዛም።››

‹‹እስቲ ማጠፊያውን አጠገቡ ያድርጉት።››

አደረጉት። ጋቢያቸውን ዘርግተው ነጩን አዩ፣ ዘወር አሉ። ‹‹አንድ ናቸው›› አሉ።

አንድ አልነበሩም። አንደኛው የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሌላኛው የተማሪ ዩኒፎርም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ተቆጥተው አቶ ሙላውን አስጠሩ። አቶ ሙላው የሚወዱት ቶሎ የሚደርቅ ቀለምና ቶሎ የሚወጣ መኪና ቢሆንም ዕውር አይደሉም። ክዳኑን አዩ፣ ማጠፊያውን አዩ፣ ከዚያ የጋሽ ኪዳኑን ፊት አዩ። ‹‹ቁርጥ እሱ ነው፣ ጋሼ›› አሉ። መካኒኩ ተጠራ። ‹‹ምን ጥርጥር አለው›› አለ። ላሜራ ቀጥቃጩ መዶሻውን እንደያዘ መጥቶ ‹‹እጅዎ ይባረክ›› ብሎ ተመለሰ። ጋሽ ኪዳኑ ወደ እኔ ዞሩና በለሰለሰ ድምፅ፣ ‹‹የልጅ ዓይን ይቸኩላል፤ ሂጂ ውኃ አምጪ›› አሉኝ።

ውኃ ላመጣ ስሄድ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ይህን ሁሉ አዋቂ ሰው ከምጠራጠር፣ ምናልባት የታመመው የኔ ዓይን ይሆን? ትምህርት ቤት ስሄድ የማገኘውን ሁሉ ‹ያቺ ጃኬት ምን ዓይነት ናት፣ ያ በር ምን ዓይነት ነው› እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ሁሉም እኔ እንደማየው ነው የሚሉት። ማታ ክፍሌ ስገባ ግን እንደገና እጠራጠራለሁ። አንድን ነገር ብቻዬን ማየት እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። በእጄ መርጫውን ይዤ፣ ልክ እንዳልሆነ እያወቅኩ፣ ያቺን መኪና ከፊት ኮፋኖዋ እስከ ኋላ ስፖንዳዋ ሰማያዊ አደረግናት።

ወይዘሮ ትበርህ ሊወስዷት መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ዞሯት፤ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። ከመኪናዋ ይልቅ ጋሽ ኪዳኑን ነበር የሚያዩት፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ‹‹እጅዎ ይባረክ›› አሉና ወሰዷት። ሙት ዓመቱ ላይ መኪናዋ በር ላይ ቆመች፤ ጋሽ ኪዳኑን ከጥላዋ ሥር የክብር ቦታ ሰጧቸው። የሚያልፈው ሁሉ እጃቸውን ይመርቃል። እሳቸውም ያን ቀን ብዙ ተናገሩ። እኔ ከመኪናዋ ጀርባ ዞሬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው መኪና ሁሉ ወደ ሰማያዊ እያደላ ወጣ። አረንጓዴው ሰማያዊ፣ ግራጫው ሰማያዊ። እኔ በየጊዜው እናገራለሁ፣ በየጊዜው ምስክር ይጠራል፣ በየጊዜው ምስክሩ ይባርካቸዋል። ሰቆጣ ቀስ በቀስ ሰማያዊ ሆነች። አንድ የዝቋላ ሰው አረንጓዴዋን ሲጠብቅ ውሎ፣ እሷው ሰማያዊ ሆና በፊቱ አልፋ፣ ማሽላውን ተሸክሞ ወደ መጣበት ተመለሰ ተባለ። ጋራዡ ውስጥ ሲወራ ጋሽ ኪዳኑ እንዳይሰሙ ሠራተኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት አቶ ሙላው በዓይናቸው ገሠጹኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም ስናገር ከመኪናዎቹ ጋር የማወራ እየመሰለኝ መጣ።

አንድ ጠዋት፣ ሰማዩ አንድ ደመና ሳይኖርበት፣ ጋሽ ኪዳኑ ‹‹ሰናይት፣ ዛሬ ደመና ነው እንዴ?›› አሉኝ። አይደለም አልኩ። የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። ‹‹ጨርሶ የለም?›› አሉ ቆይተው። ጨርሶ የለም አልኩ። በዚያ ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ሰቆጣ መጥተው ነበር። ሳልለምናቸው ራሳቸው ሄዱ። የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ፤ የሌላው ለሚቀጥለው ዙር ተባለ።

ጥቁር መነጽር አድርገው ከተመለሱ በኋላ በገበያ ቀን መንገድ ዳር አብረን ቆምን። ዓለም ታጥባ የተሰጣች መስላቸው ነበር፤ የሴቶቹን የቀሚስ ጥልፍ ሁሉ እየጠቆሙ ‹‹ይሄ ሁሌ እንዲህ ነበር?›› ይሉኛል። ከመጠምዘዣው አንዲት መኪና ወጣች።

‹‹ያቺ ሰማያዊ የማን ናት?›› አሉኝ።

አጠገባችን በርበሬ የምትሸጥ ሴት፣ ‹‹የወይዘሮ ትበርህ ናት እንጂ፣ ጋሼ፤ እርስዎው የቀቧት›› አለች።

ያን ሳምንት ወደ ሥራ አልመጡም። ቤታቸው ሄጄ አንኳኳሁ፤ በር አልከፈቱም። ብቻዬን የቀለም ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ላስቲኩን አዳመጥኩ። የተመለሱ ቀን ሰላምታም ሳይሰጡ የወይዘሮ ትበርህን መኪና ማጠፊያ ጠየቁኝ። ለመኪናዋ ሌላ ተገጥሞላት እሱን አስቀምጬው ነበር። ደማቁ የጠዋት ብርሃን ላይ ወጥተው አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አዩት። መዳፋቸውን ወደ ሌላኛው ዓይን አዛወሩና አዩት። ብዙ ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ መናኸሪያ ወረድን። የቀባናቸውን መኪኖች አንድ በአንድ እየዞሩ እንዲሁ አደረጉ፤ ሞራ ያለበት ዓይናቸው ሰማያዊውን ይውጠዋል፣ የተገፈፈው ያወጣዋል፤ ሹፌሮቹ ሰላም ሲሏቸው አይመልሱም። መጨረሻ ላይ ‹‹ተከተይኝ›› ብለውኝ ወደ ወይዘሮ ትበርህ የእህል መጋዘን ገባን።

ወይዘሮዋ ከጆንያዎቹ መካከል ተነሥተው ወንበር አቀረቡ። ጋሽ ኪዳኑ አልተቀመጡም።

‹‹ቀለሙ ያ አልነበረም›› አሉ።

ወይዘሮ ትበርህ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ‹‹አዎ፣ አልነበረም።››

‹‹መቼ አወቁ?››

‹‹ገና ከበሩ ስገባ። ስንት ዓመት በእጄ ያጠብኳት መኪና ናት።››

‹‹ታዲያ?››

‹‹ታዲያማ ምን ልበል ጋሽ ኪዳኑ? በሰው ፊት የእርስዎን ስም ላጉድፍ? ዓይንዎን አየሁት። ያየ ሰው እንዴት ይናገራል?››

ጋሽ ኪዳኑ እኔን በትከሻዬ ይዘው ወደ ፊት አወጡኝ። ‹‹ይቺ ተናገረች። ይቺን ሕፃን እናንተ ሁላችሁ ተሰብስባችሁ ውሸታም አደረጋችኋት። እኔንም... እኔ ከእናንተ ጋር ያለሁ መስሎኝ ነበር። ሁላችሁም አጠገቤ ቆማችሁ፣ ለካ ብቻዬን ነው የቀባሁት።››

‹‹እሷ ልጅ ናት፣ ምን ታጣለች?›› አሉ ወይዘሮዋ፣ ፈገግታም እንባም የቀላቀለ ፊት አሳይተው። ‹‹እኛ ግን እርስዎን አስቀይመን ነገ መኪናችን ሲዝግ ወዴት እንሂድ?››

ጋሽ ኪዳኑ በራሳቸው ወጪ እንደገና እንደሚሠሯት ተናገሩ። ወይዘሮዋ እምቢ አሉ። ሰው ለምዷታል፣ ‹ሰማያዊዋ መጣች› ይላሉ፣ ደግሞ የአዝመራ ወቅት ነው አሉ። ለጋሽ ኪዳኑ ይህ መልስ አልነበረም። ‹‹ባለቤትዎ የነዷት በየትኛው ቀለም ነው?›› ብለው ብቻ ጠየቁ። ወይዘሮ ትበርህ ዞር ብለው የጆንያውን አፍ ማሰር ጀመሩ። አዝመራው ሲያልቅ መኪናዋን ላኳት።

የመጨረሻ ሥራዬ እሷ ናት። ሰማያዊውን ሙልጭ አድርገን ፈተግነው። ጋሽ ኪዳኑ ያልተገፈፈውን ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው በሌላው ቀላቀሉ፤ በየጠብታው ‹‹ሰናይት?›› ይሉኛል፣ እኔም ያየሁትን እላለሁ፣ ምስክር አልተጠራም። ክዳኑ ሲደርቅ ማጠፊያው ላይ አስቀመጥነውና የሁለቱ ድንበር ጠፋ። የባሕር ዛፍ ቅጠል። መጀመሪያ የሹፌሩን በር ብቻ ረጨን። ቀሪውን ግን ጋሽ ኪዳኑ፣ ወይዘሮዋ መጥተው ካላዩና የሚያዩትን በቃላቸው ካልተናገሩ አልረጭም አሉ።

ወይዘሮ ትበርህ መጡ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር፤ ጋሽ ኪዳኑ ሰዓቱን መርጠውታል። አቶ ሙላው፣ መካኒኩ፣ ላሜራ ቀጥቃጩ ሁሉ ሥራ አቁመው ተሰለፉ። ወይዘሮዋ በሩን አዩ። ከንፈራቸው ‹እጅዎ› ለማለት ሲከፈት አየሁት፤ ጋሽ ኪዳኑም አዩት መሰለኝ፣ ፊታቸው ጠወለገ። ወይዘሮዋ አፋቸውን መለሱ። ነጠላቸውን በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ ጠቀለሉ።

‹‹እኔ እንጃ›› አሉ። ‹‹ትንሽ... ጠቆረብኝ።››

አቶ ሙላው ሳል ይዟቸው ወደ ጎን ዞሩ።

‹‹ጠቆረ?›› አሉ ጋሽ ኪዳኑ።

‹‹ጠቆረ። ባለቤቴ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት ጋ ነጣ ያለች ነበረች። ሁለመናዋም እንዲሁ። ይቺ አዲስ ናት፤ እኔ የማውቃት ይቺን አይደለም።››

ጋሽ ኪዳኑ ማጠፊያውን አነሡና ወደ ብርሃን ያዙት። ከፋብሪካ ስትወጣ ይህ እንደ ነበረ፣ ማጠፊያው ሥር ግን ፀሐይ ገብቶ እንደማያውቅ፣ ወይዘሮዋ የሚሉት ፀሐይ የበላውን እንደሆነ ቀስ ብለው አስረዱ።

‹‹እንግዲህ እኔ ያገባሁት ፀሐይ የበላውን ነው›› አሉ ወይዘሮ ትበርህ።

መካኒኩ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ጋሽ ኪዳኑ ማጠፊያውን ኪሳቸው ከተቱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁለትም፤ ብቻ ከማውቃቸው ዓመታት ሁሉ ወጣት ሆነው ነበር።

‹‹ሰናይት፣ ነጭ አምጪ።››

አመጣሁ። በኽምጥኛ እየቆጠሩ ጠብ ጠብ አደረጉ፣ ክዳን ላይ ቀቡ፣ አደረቁ፣ በሩ ላይ አስጠግተው ወደ ወይዘሮዋ ዞሩ።

‹‹አሁንስ?››

‹‹ገና ነው።››

እንደገና ጨመሩ። ላሜራ ቀጥቃጩ ለወይዘሮዋ ጎማ አንከባሎ መቀመጫ አደረገላቸው። ተቀመጡ፤ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው እንደ ዳኛ ክዳኑን ያዩ ጀመር።

‹‹አሁንስ?››

‹‹ገና ነው፣ ጋሽ ኪዳኑ። ገና ብዙ ነው።››

‹ጽቡቅ› አሉ ጋሽ ኪዳኑ፣ እንጨቱንም ነጩ ውስጥ እንደገና ነከሩት።